በሜታ ኩሽና የተመሠረተው ፓርቲ

ታርቱ ውስጥ ኡርቬ ፐርተልን የማያውቅ የለም ብል አላጋነንኩም። አገራችን ከሶቪየት ነጻ በወጣችበት ሰሞን የሊበራል ዜጎች ፓርቲ የከተማ ቅርንጫፍ ጸሐፊ የነበረችው፣ ያቺ ባለ ቀይ ቆብ፣ ስትራመድ ሰው የሚቀድማት የማይመስላት። ከአጎቷ ጋር የተጻጻፉባቸውን እነዚህን ደብዳቤዎች የሰጠችኝ እሷ ናት። የራሷንም በካርቦን ወረቀት ግልባጭ እያስቀረች ነበር የምትጽፈው፤ ጸሐፊ ነቻ! «እንዳለ አውጪው። አሳምሪልኝ አላልኩሽም» ብላኛለች።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ያህል እወቁልኝ። አያቷ በካርሎቫ ሰፈር ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት አሠርተው ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ሄልዱር በ1944 በጀልባ ወደ ስዊድን አመለጠና ጎተንበርግ ከተመ። ታናሹ አርቱር፣ የኡርቬ አባት፣ እዚሁ ቀርቶ እዚሁ ሞተ። ቤቱን ሶቪየቶች ወርሰው ስድስት ቤተሰብ አስገቡበት። ኡርቬና እናቷ ሜታም በዚያው በአያቷ ቤት ከታች ሁለት ክፍል ተሰጥቷቸው፣ እንደማንኛውም ሰው የመንግሥት ተከራይ ሆነው ኖሩ። በቃ። ቀጥሉ።

*

ታርቱ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1991

የተከበሩ አጎቴ ሄልዱር፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና ታግኝልኝ። እኛ አለን። የእማማ ሜታን አልጋ መስኮቱ ስር አስጠግተንላታል፤ አላፊ አግዳሚውን ስታማ ትውላለች። ግራ ጎኗ ዛሬም አይታዘዛትም። ምላሷ ግን ይታዘዛታል፤ ተመስገን ልበል ወይስ ይማረን፣ እርስዎ ይፍረዱ።

ይኸው ነጻ አገር ሆንን! ከሁለት ዓመት በፊት አሥራ አንድ ሆነን በኛ ኩሽና መሰብሰብ ስንጀምር ወንበር አይበቃንም ነበር። ራይቮ፣ ያ የሕግ ተማሪ፣ የማገዶ ሳጥኑ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ዛሬ ያ ስብሰባ በሕግ የተመዘገበ ፓርቲ ነው፣ ራይቮም ሊቀመንበራችን ነው። የፕሮግራሙን አንቀጽ አንድ ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «የተወረሰ ንብረት ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል።» ጮክ ብዬ ሳነበው እማማ ካልጋዋ ሆና፣ «አንቺ፣ የሰው ቤት ስትመልሺ ጎመኔን አሳረርሽው!» አለችኝ። በእውነትም አርሮ ነበር።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። አሮጌም ቢሆን ፎቶ ኮፒ ማሽን ቢያገኙልን ለቅርንጫፋችን ትልቅ ነገር ነው።

አክባሪ የወንድምዎ ልጅ፣ ኡርቬ

*

ጎተንበርግ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1991

ውድ የወንድሜ ልጅ ኡርቬ፣

የአባቶቻችን አምላክ ቤትሽን በብርሃን ይሙላው፣ የሜታንም ጎን ያቅናላት። ደብዳቤሽን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለስደተኞች ማኅበራችን ሰዎች አነበብኩላቸው። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አላፍርም፣ አለቀስኩ። የወንድሜ ልጅ የነጻ አገር ሕግ ጻፈች!

ማሽኑ በመርከብ ተጭኗል። ከሱ ጋር ለሜታ የሱፍ ካልሲ፣ ላንቺ ቡና አለ።

አሁን ጥቂት ነገር ላኪልኝ። ጣራው እንዴት ነው? ተከራዮቹ ስንት ናቸው፣ ስማቸውስ? ከማኅደር ቤት የአባቴን ኑዛዜና የመሬት መዝገቡን ፈልጊልኝ። ማኅተም ያለበትን ዋናውን ነው የምፈልገው፣ ግልባጭ አይሆንም።

ደግሞ አደራ፣ አንቺ ለብቻሽ የቤት ይመለስልኝ ማመልከቻ እንዳታስገቢ። በአንድ ቤት ላይ ሁለት ማመልከቻ ከቀረበ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ዓመት ይፈጃል። የአርቱርን ግማሽ በኔ ማመልከቻ ውስጥ አስገባዋለሁ። እኔና አንቺ አንድ ደም ነን፤ በመካከላችን ወረቀት ምን ይሠራል?

በጸሎቴ አትለይኝም። አጎትሽ ሄልዱር

*

ታርቱ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1991

የተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። እማማ ካልሲውን አድርጋ፣ «አሁን እግሬ ስዊድን ደርሷል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ» እያለች ነው።

ኑዛዜውን አገኘሁት! አያቴ ቤቱን ለሁለቱ ልጆቻቸው እኩል ነው የተናዘዙት። ዋናውን ከዚህ ጋር በአደራ ልኬያለሁ፤ የመሬት መዝገቡንም እንደዚያው። የማኅደር ቤቷ ሴትዮ፣ «ዋናው ከወጣ እኛ ጋ ሌላ የለም» ብላ ነበር። «አጎቴ ናቸው» ብዬ ፈረምኩ።

እዚህ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያለውን ሰልፍ ቢያዩት! የማመልከቻ ጊዜው ጃንዋሪ 17 ያበቃል። ሽማግሌዎቹ ቅጹን መሙላት ስለማይችሉ ማታ ማታ ኩሽናችን ድረስ ይመጣሉ። እስካሁን ለሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ሞልቻለሁ። የሰልፉንም ዝርዝር የምይዘው እኔ ነኝ። ያው የሶቪየት ጊዜ ደንባችን አለቀቀንም፦ ዝርዝር የያዘ ሰው የራሱን ስም ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚጽፈው። አለዚያ ሰው በዓይኑ ይበላዋል።

ከላይ የሚኖረው ሌምቢት፣ ጡረታ የወጣው ዳቦ ጋጋሪ፣ ደረጃው ላይ ይዞኝ፣

«ኡርቬ፣ ለሰው ሁሉ ቤት ስታድዪ እኔ የት ልገባ ነው?» አለኝ።

«ሕጉ ተከራይን ሦስት ዓመት ይጠብቃል፣ አባባ ሌምቢት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባለቤቱ ያውቃል።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«አጎቴና እኔ።»

«እንዲህ በይኛ! እኔ ደግሞ ለመርህ መስሎኝ» ብሎኝ ወጣ።

ከፍቶኛል፣ አልዋሽዎትም። ቢሆንም ለማመልከት ከሰልፉ ጫፍ ላይ ስሜን ጽፌያለሁ፤ እርስዎ ይቅር ካሉ እሰርዘዋለሁ። የአባባን ግማሽ እንዳስገቡት በአንድ መስመር ብቻ ያሳውቁኝ። ከጃንዋሪ 17 በፊት፣ እባክዎ።

ኡርቬ

*

ታርቱ፣ ዲሴምበር 30 ቀን 1991

አጎቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። መልስዎ አልደረሰኝምና ስልክ ደውዬ ነበር። ባለቤትዎ፣ «እሱ ጉዞ ላይ ነው» አሉኝ። እንዳስገቡት አምኜ ስሜን ልሰርዝ? ወይስ ልቆይ? በቴሌግራም «አዎ» ብቻ ቢሉኝ ይበቃኛል።

ኡርቬ

*

ቴሌግራም አልመጣም። ኡርቬ የነገረችኝ እንዲህ ነው፦ ጃንዋሪ 17 ከሰዓት፣ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበረችው እሷ ተራዋ ደረሰ። መስኮቱ ጋ ቆማ ቅጿን ከቦርሳዋ አወጣች። «አንቺ፣ በአንድ ቤት ሁለት ማመልከቻ» የሚለው የአጎቷ ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ከኋላዋ ደግሞ አንዲት አሮጊት ዘግይተው እየሮጡ መጡ። ኡርቬ ቅጿን መልሳ ቦርሳዋ ከተተችና ለአሮጊቷ ወንበር ሳበችላቸው። የሳቸውን ሞልታ ስትጨርስ መስኮቱ ተዘጋ።

የሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ቀን ጃንዋሪ 8 ነው። ፖስታውን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የስዊድን ፖስታ ቤት ማኅተም ፌብሩዋሪ 20 ይላል።

*

ጎተንበርግ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1992

ውድ ኡርቬ፣

የአዲሱ ዓመት በረከት በደጃፍሽ ይውረድ። የላክሽው ሁሉ በደህና ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ።

ነገሩን ጠበቃ አማክሬበት ነበር። ለማንኛውም አንቺም በስምሽ ብታመለክቺ ይሻላል ይላል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሳትውዪ ሳታድሪ አስገቢ። በኋላ አልነገሩኝም እንዳትይ።

አጎትሽ ሄልዱር

*

ታርቱ፣ ማርች 2 ቀን 1992

የተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። የጃንዋሪ 8 ደብዳቤዎ ፌብሩዋሪ 27 ደረሰኝ። ስለ ፖስታ ቤት ምንም አልልም።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው እርስዎ ጃንዋሪ 9 እዚሁ ታርቱ መጥተው በእጅዎ እንዳመለከቱ ነገረኝ። ከኛ ቤት በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። እማማ መስኮቱ ስር ስለሆነች ቢያልፉ ኖሮ ታይዎ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የአባቴ ግማሽ ማመልከቻው ውስጥ አለ?

ኡርቬ

*

ለዚህ መልስ ሰባት ወር ፈጀ። በመሃሉ ምርጫ ሆነ፣ ኡርቬም ቀይ ቆቧን አድርጋ በየገጠሩ ስትዞር ከረመች።

*

ጎተንበርግ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1992

ውድ የወንድሜ ልጅ፣

እግዚአብሔር የድካምሽን ዋጋ ከፈለሽ! ፓርቲያችን ስምንት መቀመጫ! ያ የማገዶ ሳጥን ላይ የተቀመጠው ልጅ ሚኒስትር ዴኤታ! እዚህ ማኅበራችን ኬክ ቆርሶ አከበረ። እኔም የክብር አባል ተደርጌያለሁ፤ ራይቮ ራሱ ነው የጻፈልኝ። ደህና ልጅ ነው፣ ሰው ያከብራል።

የቤቱ ውሳኔ ወጥቷል። ሙሉው በኔ ስም ነው። ሕጉ የሚያውቀው ያመለከተን ሰው ነው፤ ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ጽፈሽዋልና። ባታመለክቺ እኔ ምን ላድርግ? ሕግ ለዘመድ ሲታጠፍማ ያው የድሮው ሥርዓት ተመለሰ ማለት ነው።

እንደማንኛውም ተከራይ ሦስት ዓመት የመቆየት መብት አላችሁ። ከነገሩ ሁሉ በፊት ግን ተከራዮቹን አዲሱን የኪራይ ውል አስፈርሚልኝ። በክረምት ደግሞ የደጁን በረዶ የሚጠርግ ሰው ስለሌለኝ፣ እስከዚያው አንቺ ብትይዢልኝ አካፋ እልካለሁ።

ሜታን ሳሚልኝ። አጎትሽ ሄልዱር

*

ታርቱ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1993

የተከበሩ አጎቴ፣

ደህንነትዎን እመኛለሁ። አካፋው ደርሷል።

ተከራዮቹን አስፈርሜያለሁ። የሌምቢት ሚስት ስትፈርም እስክሪብቶዬን በመሐረቧ ነው የያዘችው፣ እጄ እንዳይነካት። ሌላዋ ደረጃው ላይ ተፋችብኝ። ጠረግኩት፤ ደረጃ መጥረግም የኔ ሥራ ነው መሰለኝ።

አንድ ጋዜጠኛ ስለ ኑዛዜውና ስለ ፖስታው ማኅተም ሰምቶ መጣ። «ተናገሪ፣ ፊት ገጽ ላይ ነው የማወጣው» አለኝ። በማግስቱ ራይቮ በመንግሥት መኪና ከች አለ። ሳጥኑ ላይ አልተቀመጠም፤ ሱፍ ለብሷል።

«ኡርቬዬ፣» አለኝ፣ «አሁን አፍሽን ከከፈትሽ ተቃዋሚዎቹ ሕጉን ይቀብሩታል። ስንት ሺህ ሰው ገና ቤቱን ሳይረከብ?»

«የኔስ ቤት?»

«ያንቺ አንድ ቤት ነው።»

«እሱማ አንድ ነው።»

«አየሽ፣ አንቺ እኮ እንደ ሌላው ሰው አይደለሽም።»

ይቺን ቃል ሲናገራት ዓይኔን አላየም። ለጋዜጠኛው ምንም አላልኩም። ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ለአንቀጽ አንድ ብዬ ነው።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእማማ ምንም አልነገርኳትም። ቤቱ ለኛ እንደተመለሰ፣ እርስዎ ከሩቅ ሆነው እንደጨረሱልን ነው የምታውቀው። ጧት ጧት ስለ እርስዎ ትጸልያለች። ሐኪሙ ቢበዛ ሦስት ዓመት ትቆያለች ብሎኛል። እዚያች አልጋዋ ላይ፣ እዚያች መስኮት ስር ትሙትልኝ። ከዚያ በኋላ እኔ በዚያው ቀን እወጣለሁ። ይህን ብቻ።

ኡርቬ

*

ጎተንበርግ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1994

ውድ ኡርቬ፣

የሰማይ አባት ያጽናሽ። ላለፉት ደብዳቤዎችሽ ባለመመለሴ አትቀየሚ፤ ሽማግሌ ሰው ነኝ፣ ብዕር ይከብደኛል።

መልካም ዜና አለኝ። ፓርቲው ለማርቹ ምርጫ በታርቱ ሁለተኛ ዕጩ አድርጎኛል። ቦታው ያንቺ ነበር፤ አውቃለሁ፤ ራይቮም ከብዶት ነበር። ግን አንቺ በተከራይ ዘንድ ተጠልተሻል አለኝ። ሰው የማያውቀው ሰው ይሻላል አለ።

ስለዚህ ከታች ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለምርጫ ጽሕፈት ቤት ሰጥቻለሁ። ፓርቲው የተመሠረተበት ኩሽና እኮ ነው! ፎቶ የሚነሱበት ይሆናል። ሦስቱን ዓመት ከውሳኔው ሳይሆን ካመለከትኩበት ጊዜ ጀምሬ ስለምቆጥር ውላችሁ ፌብሩዋሪ ላይ ያበቃል፤ ጠበቃዬም እንደዚያው ቆጥሯል። ለሜታ በዚያው ሰፈር ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ሾርባው ትኩስ ነው አሉ።

አልጋዋን ከነመስኮቱ መውሰድ አይቻልም መቼም። አልጋዋን ስታወጡ ግድግዳውን እንዳትልጡት ብቻ።

አጎትሽ ሄልዱር

*

ለዚህኛው ኡርቬ መልስ አልጻፈችም። ምርጫው ሲያልፍ ይህ መጣ፤ በአዲሱ አድራሻዋ፣ ከከተማ ዳር ባለ አንድ ክፍል።

*

ጎተንበርግ፣ ማርች 12 ቀን 1995

ውድ የወንድሜ ልጅ ኡርቬ፣

ጌታ በሐዘናችን መጽናናትን ይስጠን። መቼም ሰምተሻል፣ ድምጥማጣችን ጠፋ። አንድ መቀመጫ እንኳ የለም። ራይቮ ወዲያው ሌላ ፓርቲ ገባ አሉ። ጽሕፈት ቤቱንም ዘግተነዋል፤ ክፍሎቹን ለጫማ ሱቅ አከራይቻለሁ።

እኔ በከተማው ሁሉ ሠላሳ ስምንት ድምፅ አገኘሁ። አይገርመኝም። ያስገረመኝ ሌላ ነው። ጋዜጣው የየጣቢያውን ውጤት ሲያወጣ በሰፈራችን ጣቢያ ለኔ የተሰጠ አንድ ድምፅ አለ። አንድ! በዚያ ሰፈር ከተከራዮቼና ካንቺ በቀር የሚያውቀኝ ማን አለ? ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ደብዳቤ ባትጽፊልኝም ልብሽን አወቅኩት። ደም ውሃ አይሆንም። ይቅር ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴም ነግሬያት አለቀሰች።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የማኅበራችን መጽሔት የፓርቲውን ታሪክ በአጭሩ ማውጣት ይፈልጋል። ካንቺ የተሻለ የሚጽፍ የለም። አንድ ገጽ ይበቃል።

ሜታ እንዴት ናት? አጎትሽ ሄልዱር

*

ታርቱ፣ ማርች 26 ቀን 1995

የተከበሩ አጎቴ ሄልዱር፣

ጤናና ረጅም ዕድሜ ለእርስዎም ለባለቤትዎም። ረጅሙን ከልቤ ነው የምመኝልዎ።

የጠየቁትን ታሪክ ጽፌያለሁ፤ አንድ ገጽ አይሞላም።

የሊበራል ዜጎች ፓርቲ በታርቱ፣ በካርሎቫ ሰፈር፣ በሜታ ፐርተል ኩሽና በአሥራ አንድ ሰዎች ተመሠረተ። የኩሽናው ባለቤት እስክትታመም ድረስ ሻይ አፍልታለች፣ ከታመመች በኋላም ካልጋዋ ሆና ተሳድባለች፤ አባል ግን አልነበረችም፣ ማንም አልጠየቃትም። ፓርቲው የተወረሰ ንብረት ለባለቤቱ ይመለስ አለ፣ ተመለሰም። አንዴ ስምንት መቀመጫ አግኝቷል።

በፌብሩዋሪ 18 ጧት ሜታ ከክፍሏ ወጣች። ልጇ «ወለሉ ሊታደስ ነው፣ ለአንድ ወር ነው» ብላ ዋሸቻት። አንሱልኝ ብላ የጠየቀቻቸው ጎረቤቶች ሁሉ በሮቻቸውን ዘጉ። አንድ ሌምቢት ብቻ ወረደ። «ላንቺ አይደለም፣» አላት፣ «ለሷ ነው» ብሎ አሮጊቷን በክንዱ ታቅፎ በበረዶው መሃል እስከ መኪናው ወሰዳት። እሱ ራሱ ከአሥር ቀን በኋላ ተባረረ። መጦሪያው ውስጥ የደረሳት አልጋ ከመስኮት ሦስተኛው ነው። ሾርባው ትኩስ አይደለም።

የምርጫው ቀን ኮሮጆውን ይዘው ወደ መጦሪያው መጡ። መጦሪያው የሚቆጠረው በሰፈራችን ጣቢያ ነው። ሜታ፣ «ከኛ ሰው ዝርዝሩ ላይ አለ?» አለች። ልጇ ብርድ ልብሷን ማስተካከል ያዘች። «መስማት የተሳነሽ ነሽ? ከኛ ቤት አለ ወይ አልኩሽ!» አለች ሁለተኛ። ልጇ፣ «የአባባ ወንድም አለ» አለቻት። «አየሽ!» አለች ሜታ፤ «ቤታችንን ያስመለሰልንን ሰው ልትዘሊው ነበር፣ ምስጋና ቢስ!» ልጇ እጇን ደግፋ ይዛ፣ የእጩውን ቁጥር ወረቀቱ ላይ አብራ ጻፈች።

ፓርቲው በዚያ ጣቢያ ያገኘው ድምፅ ያ ብቻ ነው።

ሜታ ፐርተል ማርች 14 ቀን አረፈች። ወደ ቤቴ መልሱኝ ስትል ነበር የሰነበተችው፤ ስለ ወለሉም ትጠይቅ ነበር።

የኔ ድምፅ የት እንደገባ የኔ ጉዳይ ነው።

ኡርቬ ፐርተል